በቀን 5 ኩንታል የፍራፍሬ ልጣጭ፦ የአፈር ባክቴሪያው አነሰ ወይስ ክምሩ ታፈነ?

ጭማቂ_ሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ላይ ያለ አነስተኛ የጭማቂ ማምረቻ በቀን ወደ 5 ኩንታል ተረፈ ምርት ያወጣል። ግማሹ የተጨመቀ ብርቱካን ከነልጣጩ ነው፤ የቀረው ማንጎ፣ አናናስና አቮካዶ፣ ከነፍሬው። እዚያው ግቢ ውስጥ አብላልቶ ማዳበሪያ ማድረግ ነው የታሰበው።

የአፈር ባክቴሪያ ሥራውን ይሠራል ስለተባለ ልጣጩ ከጓሮ አፈር ጋር እየተደራረበ ተከምሯል። ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ላይ ቆሟል፣ ከሥሩ ቡናማ ውሃ ይወርዳል፣ ጠላ ጠላ ይላል፣ አንዳንዴም ኮምጣጤ ይሸታል። ትንኙማ አይነሳ። ኢኤም የሚባል የባክቴሪያና የእርሾ ፈሳሽ በጀሪካን የሚሸጥ ነጋዴ ደግሞ “ይኼን ብትረጩበት በአንድ ወር አፈር ይሆናል” ይላል።

ጥያቄዎቼ፦ ባክቴሪያው አንሶ ነው? መግዛት ይሻላል ወይስ ከአፈር ማራባት ይቻላል? የብርቱካን ልጣጭ ባክቴሪያ ይገድላል የሚባለውስ እውነት ነው?

አፈርና_ውሃ

ባክቴሪያ አላነሰዎትም። አንድ ግራም የጓሮ አፈር ውስጥ የሚኖሩት በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። ያነሰው አየር ነው፤ አየሩን ያባረረው ደግሞ ውሃው።

የፍራፍሬ ልጣጭ ከመቶ 80 በላዩ ውሃ ነው፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) 4 ገደማ ነው፣ ስኳር ሞልቶታል። አየር ሲያጥር መጀመሪያ የሚነሱት እርሾና ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። እርሾው ስኳሩን አልኮል ያደርገዋል፤ ጠላ ጠላ የሚለው እሱ ነው። ክምሩ ዳር ላይ፣ ትንሽ አየር ባለበት፣ አልኮሉ ተመልሶ ኮምጣጤ ይሆናል። አሲዱ ተጠራቅሞ ፒኤቹ ከ5 በታች ሲቆይ፣ ክምሩን ወደ 55 እና 60 ዲግሪ የሚያደርሱት ባሲለስ የሚባሉ ሙቀት ወዳድ ባክቴሪያዎች አይነሱም። 40 ላይ የቆመው ለዚህ ነው። አፈሩም በበኩሉ ጎድቷል፦ ከባድ ስለሆነ ልጣጩን ይጫነዋል፣ ከጭማቂው ጋር ጭቃ ሆኖም ቀዳዳውን ይደፍናል። አፈር ለዘር ያህል ከተፈለገ በአንድ ኩንታል ልጣጭ ሁለት አካፋ ይበቃል፤ ድርብ ድርብ አድርጎ ማልበስ አያስፈልግም።

ኢኤም የሚባለው በአብዛኛው ያው ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያና እርሾ ነው። ሌላ ቦታ ሊጠቅም ይችላል። እዚህ ግን በበዛበት ላይ መጨመር ስለሆነ ገንዘቡን ጭድ ይግዙበት።

አሁን ሒሳቡ። 5 ኩንታል ልጣጭ 82 ከመቶ ውሃ ቢኖረው፣ 410 ኪሎው ውሃ፣ 90 ኪሎው ብቻ ደረቅ ነገር ነው። ጥሩ ክምር ከ50 እስከ 60 ከመቶ እርጥበት ይፈልጋል። እዚያ ለመድረስ ወደ 220 ኪሎ ደረቅ ጭድ ወይም የተከተፈ የበቆሎ አገዳ ያስፈልጋል። ጭዱ ብቻውን ግን የካርቦንና የናይትሮጅኑን ምጣኔ ወደ 58 ለ 1 ያደርሰዋል፤ በዚያ ምጣኔ ባክቴሪያው ናይትሮጅን ይርበዋል፣ ክምሩም ለወራት ይጎተታል። 100 ኪሎ ደረቅ ያለ የዶሮ ኩስ ሲገባበት ምጣኔው ወደ 33 ለ 1፣ እርጥበቱም ወደ 56 ከመቶ ይወርዳል። ይህ ይሠራል። ሰጋቱራ ለእርጥበቱ ደህና ነው፣ ናይትሮጅን ግን የለውም ማለት ይቻላል፤ በጭዱ ምትክ እሱን ብቻ ካስገቡ የዶሮ ኩሱን ብዙ መጨመር ይኖርብዎታል።

ያለዎትን ክምር አይጣሉት። አፍርሰው ከደረቅ አገዳ ጋር እንደገና ይቀላቅሉት፣ በአንድ ኩንታል አንድ ኪሎ የሚሆን ኖራ ወይም ሁለት ኪሎ የእንጨት አመድ ይነስንሱበትና ከ1.2 ሜትር ሳይበልጥ ይከምሩት። የዶሮ ኩሱን በዚያው ቀን አያስገቡት፤ ኖራና የዶሮ ኩስ ሲገናኙ ናይትሮጅኑ አሞንያ ሆኖ ይተናል፣ አይንም ያቃጥላል። መጀመሪያ ልጣጩ ላይ ኖራ፣ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ኩሱ።

ፔትሪ

ከላይ በተባለው በአብዛኛው እስማማለሁ፤ የብርቱካኑን ነገር ግን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ግማሹ ብርቱካን ነው ተብሏልና።

ብርቱካን ልጣጭ ላይ ሁለት እንቅፋት አለ። አንዱ ሊሞኒን ነው። ከልጣጩ ዘይት ከመቶ 90 በላዩ እሱ ነው፤ የባክቴሪያን የሕዋስ ሽፋን ያላላል፣ ስለዚህ “ይገድላል” የሚባለው መሠረት አለው። ይበልጥ የሚጎዳው አየር የሌለበትን፣ ማለትም የባዮጋዝ ጉድጓድን ነው። አየር ባለው ክምር ውስጥ ሊሞኒኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙቀት ይተናል፣ የተረፈውንም እንደ ፕሲዶሞናስ ፑቲዳና ሮዶኮከስ ያሉ የአፈር ባክቴሪያዎች ይበሉታል። ልጣጩን ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር መክተፍ ያፋጥነዋል፤ የዘይት ከረጢቶቹ ይፈነዳሉ። ከዚያ በላይ ማድቀቅ ግን አይመከርም፣ ገንፎ ይሆናል።

ሁለተኛው ፔክቲን፣ ማለትም የልጣጩን ሕዋሳት የሚያያይዘው ሙጫ መሰል ነገር ነው። ከብርቱካን ልጣጭ ደረቅ ክብደት ከ20 እስከ 30 ከመቶው ፔክቲን ነው፣ ውሃውን አንቆ የያዘውም እሱ ነው። ይህን የሚፈቱት እንደ ባሲለስ ሰብቲሊስና ባሲለስ ሊኬኒፎርሚስ ያሉ ናቸው። ፔክቴት ላያዝ የሚባለው ኢንዛይማቸው ካልሲየም ይፈልጋል፤ ደህና የሚሠራውም ፒኤች ከ8 በላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ ኖራ አሲድ ከመግደሉም ሌላ ለነዚህ ባክቴሪያዎች መሣሪያ ማቀበል ነው።

ማራባት ለሚፈልግ፣ ቤተ ሙከራ ካለው ሰው ጋር ሆኖ እንዲህ ነው።

አፈሩን ከብርቱካን ወይም ማንጎ ዛፍ ሥር፣ ፍሬ ወድቆ ከሚበሰብስበት ቦታ፣ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ጥልቀት ውሰዱ። ከብት ከሞተበት፣ ከታረደበት ወይም ከተቀበረበት ቦታ በፍጹም አትውሰዱ፤ አባ ሰንጋ የሚያመጣውም ባሲለስ ነው፣ ዘሩ አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል፣ ቀጥሎ የምጠቅሰውንም የሙቀት ደረጃ ይቋቋማል። 10 ግራም አፈር በ90 ሚሊ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ (0.85 ከመቶ) ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይናጣል፣ ከዚያ 80 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ ይቀመጣል። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። የሚያስፈልግበት ምክንያት አለው፦ በፔክቲን ብቻ ካራባችሁ ድንችና ካሮት የሚያበሰብሰው ፔክቶባክተሪየም አብሮ ይራባል፣ ኋላም በገዛ እጃችሁ ማሳ ላይ ትበትኑታላችሁ። እሱ እንደ ባሲለስ ሙቀት የሚችል ዘር ስለማይሠራ 80 ዲግሪ ላይ ያልቃል።

ቀጥሎ 1 ሚሊ ሊትሩ ወደ 100 ሚሊ ሊትር ማሳደጊያ ይገባል፤ ማሳደጊያው በሊትር 10 ግራም ደርቆ የተፈጨ ልጣጭ፣ 2 ግራም አሞኒየም ሰልፌት፣ 1 ግራም ዳይፖታሺየም ፎስፌት፣ 0.5 ግራም ማግኒዚየም ሰልፌት፣ ፒኤች 7። በ37 ዲግሪ እየተናጠ 48 ሰዓት፣ ከዚያ 5 ሚሊ ሊትሩን ወደ አዲስ፤ ይህ ሦስት ጊዜ። በመጨረሻ ፔክቲን ያለበት አጋር (ባክቴሪያ የሚዘራበት ጄሊ) ላይ ይዘራል፣ አዮዲን ይፈስበታል። ዙሪያው ነጣ ያለ ክብ የሠራው ፔክቲን ይበላል ማለት ነው። የተመረጠው ማንነቱ በቤተ ሙከራ ሳይረጋገጥ በበርሜል አይራባ።

በርሜሉ ቀላል ነው፦ 20 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ 2 ከመቶ ሞላሰስ፣ ትንሽ አሞኒየም ሰልፌት፣ የዓሣ ገንዳ አየር መንፊያ፣ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ፣ 48 ሰዓት። ከሸተተና ከጎመዘዘ ላክቲኩ ወርሶታል፤ ይደፋ። ደህና ከወጣ በሚሊ ሊትር ወደ 100 ሚሊዮን ይደርሳል። ለአንድ ኩንታል አንድ ሊትር ይረጫል።

መንሽ

ፔትሪ፣ ሙያህን አከብራለሁ፤ ቁጥሩ ግን ራሱ ይመልስልሃል። አንድ ሊትር ለአንድ ኩንታል ማለት በግራም አንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ ነው። በደንብ የበሰለ ኮምፖስት በግራም ከ100 ሚሊዮን በላይ አለው። 10 ኪሎ የበሰለ ኮምፖስት በኩንታሉ ላይ ብትጨምር በግራም 10 ሚሊዮን ገባ፣ አሥር እጥፍ ማለት ነው። ያውም ልጣጭ መብላት የለመደ፣ አንድ ዓይነት ብቻም ያልሆነ። የመጀመሪያው ዙር እስኪደርስ ከሌላ ሰው አንድ ሁለት ጆንያ የበሰለ ኮምፖስት ፈልግ፣ ከዚያ በኋላ ከራስህ ቀንስ። በርሜሉ ለጥናት ነው።

ጭማቂ_ሐዋሳ ወንድሜ፣ በቀን 220 ኪሎ ጭድ ከየት ታመጣለህ? በወር 66 ኩንታል ነው። ሥራው የሚሞተው እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጭመቀው። ለከብት መኖ ብርቱካን የሚያደርቁ ፋብሪካዎች የሚያደርጉት ነው፦ የተከተፈው ልጣጭ ላይ ከክብደቱ ከ0.2 እስከ 0.5 ከመቶ ውሃ የጠጣ ኖራ፣ ለ2.5 ኩንታሉ ብርቱካን ከ0.5 እስከ 1.25 ኪሎ መሆኑ ነው፤ በደንብ ይቀላቀልና 15 ደቂቃ ይቆያል። ፔክቲኑ ውሃውን ይለቃል፣ ልጣጩ ሲነካ ከሙልጭልጭነት ወደ ሻካራነት ይለወጣል። ያኔ መጭመቂያ ውስጥ ይገባል። 82 የነበረው እርጥበት ወደ 72 ቢወርድልህ 2.5 ኩንታሉ ብርቱካን ወደ 160 ኪሎ ይሆናል፣ ለሁሉም የሚያስፈልግህ ጭድም ወደ 150 ኪሎ፣ የዶሮ ኩሱ ወደ 70 ኪሎ ይወርዳል። ለአሲዳማ እርሻ የሚሰጠው የግብርና ኖራ ለዚህ አይሆንም፣ ቀርፋፋ ነው፤ ግድግዳ የሚቀባው ነው የሚሠራው። ጓንትና መነጽር ሳታደርግ እንዳትነካው። ማንጎና አቮካዶ እንደ ብርቱካን አይጨመቁም፣ እነሱን ለይተህ ቀጥታ ከጭዱ ጋር።

የሚወጣው ፈሳሽ በቀን 90 ሊትር ገደማ ነው፣ ስኳሩ ብዙ ነው። ቦይ ውስጥ ከገባ ሐይቁ ድረስ ይሄዳል፣ የውሃውንም ኦክሲጅን ይጨርሳል። 55 ዲግሪ ያለፈ ክምር ውሃ ስለሚያጣ በምታገላብጥበት ቀን እሱን አጠጣው። ትኩሱ ክምር ከጠጣው የተረፈውን ፈሳሽ በክዳን በርሜል ያዝ፣ በነጋታው ተጠቀምበት፤ ከሦስት ቀን በላይ አታቆየው።

አከማመሩ፦ ከታች 20 ሴንቲሜትር ያልተከተፈ አገዳ፣ ለአየር። ወርዱ 1.5 ሜትር፣ ቁመቱ 1.2። ርዝመቱ በየቀኑ ይቀጥል። ላዩን በ10 ሴንቲሜትር የበሰለ ኮምፖስት ሸፍነው፣ ትንኙ የሚጠፋው ያኔ ነው። ኢኤም ብትረጭ ትንኙ ግድ አይሰጠውም።

ቴርሞሜትሩን መሐል 50 ሴንቲሜትር አስገባ። ከሌለህ ፌሮ ሰክተህ ከ10 ደቂቃ በኋላ አውጣው፤ ጨብጠህ መያዝ ካቃተህ ደርሷል። 65 ካለፈ አገላብጥ፣ ከዚያ በላይ የሚሠሩልህንም ይገድላል። የዶሮ ኩስ ስላለበት ደግሞ ሙቀቱ ለይስሙላ አይደለም፦ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለረድፍ ክምር ያወጣው መለኪያ 55 እና ከዚያ በላይ ለ15 ቀን፣ በዚያ ውስጥ 5 ጊዜ ማገላበጥ ነው። ሳልሞኔላን የሚያጠፋው ይኼ ነው። ዳሩን ወደ መሐል፣ መሐሉን ወደ ዳር፤ ዝም ብሎ መቆስቆስ ማገላበጥ አይባልም።

እርጥበቱን በእጅ ለካ። እፍኝ ጨብጠህ ስትጨምቀው አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። በጣቶችህ መሐል ከፈሰሰ አገዳ ጨምር፣ ምንም ካልወጣና እጅህን ስትከፍት ከተበተነ አጠጣው።

ጭማቂ_ሐዋሳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥቂት ልጨምር፦ እዚህ ከጭድ ይልቅ የደረቅ ቡና ገለፈት ይገኛል፣ ይሆናል? አቮካዶውን ለፍየል መስጠትስ? ሌላው፣ ኮስታሪካ ውስጥ የብርቱካን ልጣጭ ዝም ብሎ መሬት ላይ ተደፍቶ ደን ሆነ የሚባለውን አንብቤያለሁ። ይህ ሁሉ ማገላበጥ ለምን አስፈለገ ታዲያ?

አፈርና_ውሃ

የቡና ገለፈት ከጭድ ይሻላል። ናይትሮጅኑ የጭዱን እጥፍ ያህል ስለሆነ ያንኑ ክብደት ገለፈት ካስገቡ የዶሮ ኩሱን በግማሽ መቀነስ ይችላሉ። ጉድለቱ ደቃቅ መሆኑ ነው፤ ብቻውን ሲሆን ይጠቀጠቃል፣ ስለዚህ ሲሶውን አገዳ ያድርጉት። እርጥብ ከሚፈለፈል ቡና የሚወጣው ቀይ ልጣጭ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱ እንደ ብርቱካኑ ራሱ ውሃ ነው።

የኮስታሪካው እውነት ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጓናካስቴ ውስጥ 12,000 ቶን የሚሆን የብርቱካን ልጣጭና ተረፈ ጭማቂ 3 ሄክታር በሚያህል የተጎዳ የግጦሽ መሬት ላይ ተደፋ። ተፎካካሪ ኩባንያ ከሶ ሥራው በፍርድ ቤት ቆመ፣ ልጣጩ ግን እዚያው ቀረ። በ2017 የታተመው ጥናት ከአጠገቡ ካልተደፋበት መሬት ጋር ሲያነጻጽረው ከመሬት በላይ ያለው የዛፍ ክብደት በ176 ከመቶ በልጦ ተገኝቷል። አንዱ ምክንያት ልጣጩ መሬቱን የወረረውን ሣር አፍኖ መግደሉ ነው፤ ሣሩ ከአፍሪካ የሄደ፣ የእኛ ሰንበሌጥ ወገን ነው።

ግን ሒሳቡን ያስሉት፦ በካሬ ሜትር 400 ኪሎ ነው። ሣሩን የገደለው ዝቃጭ ቡቃያም ይገድላል። መጀመሪያ ላይ ያ መሬት ዝንብና ሽታ ነበር። ሰው የማያርሰው፣ ዓመታት የሚጠብቅ ባዶ መሬት ላይ ይቻላል። የሐዋሳ ግቢ ውስጥ፣ ሐይቁ አጠገብ፣ አይሞከርም።

ፔትሪ

መንሽ፣ የቁጥሩን ተቀብያለሁ። የበሰለ ኮምፖስት ባለበት በርሜል አያስፈልግም። የብርቱካን ልጣጭ ብቻውን ለሚያበላላና የሚጨምረው ሌላ ነገር ለሌለው ግን አሁንም ይረዳል እላለሁ፤ የመጀመሪያውን መጓተት ያሳጥራል።

አቮካዶ ለፍየል አይሰጥ። ቅጠሉ፣ ልጣጩና የውስጥ ፍሬው ፐርሲን የሚባል ነገር አለበት፤ የፍየልን ጡትና ልብ ይጎዳል። ክምር ውስጥ ግን ይፈርሳል፣ አያሳስብም። የአቮካዶ ፍሬ ታኒን ስላለበትና ጠጣር ስለሆነ መከካት አለበት። የማንጎ ፍሬ ቅርፊቱ እንጨት ነው ማለት ይቻላል፣ በአንድ ዙር አይፈርስም፤ መጨረሻ ላይ በወንፊት ለይቶ ወደሚቀጥለው ክምር መመለስ ወይም አድርቆ ማገዶ ማድረግ ነው።

መብሰሉን በዓይን አትመኑ። ጥቁር ሆኖ ገና ጥሬ የሆነ ኮምፖስት ብዙ አለ። በዓለም ዙሪያ ለዚህ ፈተና የሚውለው ዘር ፌጦ ነው፣ እኛ ደግሞ ከገበያ እናገኘዋለን። 10 ግራም ኮምፖስት በ100 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ አንድ ሰዓት ይነቅነቅ፣ ይጠለል። ሰሃን ላይ ወረቀት ተነጥፎ 20 የፌጦ ዘር በዚያ ውሃ፣ ሌላ 20 በንጹሕ ውሃ፤ ጨለማ ውስጥ 48 ሰዓት። የበቀሉትን ቁጥር በአማካይ ሥር ርዝመት አባዙ፣ የኮምፖስቱን ለንጹሕ ውሃው አካፍሉ። ከ80 ከመቶ በላይ ከሆነ በስሏል። ከ50 በታች ከሆነ ገና አሲድ ወይም አሞንያ አለበት፣ ችግኝ አጠገብ አይድረስ።

መንሽ

አንድ የቀረ። ክረምት ከመግባቱ በፊት ወለሉን ሥራ፦ በ100 ሴንቲሜትር 2 ሴንቲሜትር የሚያዘቀዝቅ፣ በአንድ ጎን ቦይ ኖሮት ወደ በርሜል የሚወርድ። ከላይ ቆርቆሮ ካልሆነ ሸራ፣ ግን ሸራው ክምሩ ላይ አይተኛ፤ በእንጨት ከፍ አድርገው፣ ጎኑ ክፍት ይሁን። ክምሩ ላይ ለጥፈህ ካሰርከው ያው ጠላው ይመለስልሃል። ልጣጩንም ከማምረቻው ሲወጣ ስትሮና ላስቲክ ካለው እዚያው ልቀም። ኮምፖስት ከሆነ በኋላ ላስቲክ መልቀም የማያልቅ ሥራ ነው።